ከደብረ ማርቆስ ሆኜ በእጄ ለሌለ ፕሮሰሰር ፓኬጅ የማዘጋጅበት መንገድ

ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት ውስጥ የአማርኛና የግዕዝ ጽሑፍ የሚያነቡ፣ የሚደረድሩና የሚፈልጉ፣ በሲ ቋንቋ የተጻፉ ትንንሽ ፓኬጆችን እይዛለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ተራ ኢንቴል ላፕቶፕ ነው። ፓኬጆቹ ግን በሌሎች የፕሮሰሰር ዓይነቶች (አርክቴክቸሮች)፦ በአርም፣ በፓወር፣ ዴቢያን 13 በ2025 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ይፋ በሆነው በሪስክ-ፋይቭ፣ እንዲሁም ኤስ390ኤክስ በሚባለው የአይቢኤም ሜይንፍሬም ላይ ኮምፓይል ተደርገው (ወደ ማሽኑ ቋንቋ ተለውጠው) ቴስታቸውን ማለፍ አለባቸው። እነዚህን ማሽኖች ደብረ ማርቆስ ገበያ ወጥቼ የምገዛቸው አይደሉም። ደግነቱ፣ በእነሱ ላይ የሚታዩት ስህተቶች አብዛኞቹ እዚሁ ላፕቶፕ ላይ ሊያዙ ይችላሉ።

ኢሙሌተር (ሌላ ፕሮሰሰር መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም) ከመክፈቴ በፊት ፓኬጁን ለሲ ኮምፓይለሩ ለጂሲሲ «ቻርን ምልክት አልባ አድርግ» የሚለውን አማራጭ ሰጥቼ እዚሁ ኢንቴል ላይ ኮምፓይል አደርገውና ቴስቱን አስኬዳለሁ። ቻር፣ ማለትም አንድ ባይት የሚይዘው የሲ የቁጥር ዓይነት፣ በኢንቴል ባለ ምልክት ነው፤ ከ-128 እስከ 127 ይይዛል። በአርም፣ በፓወር፣ በሪስክ-ፋይቭና በኤስ390ኤክስ ሊኑክስ ግን ምልክት የለውም፤ ከ0 እስከ 255 ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም ልዩነቱን ሳያውቀው ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። የኛ ፊደል ግን ወዲያው ያጋልጠዋል። ፊደሎችን በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 «ሀ» ሦስት ባይት ነው፦ 225፣ 136፣ 128። ኢንቴል ላይ እነዚሁ ባይቶች በቻር ሲቀመጡ -31፣ -120፣ -128 ሆነው ይነበባሉ። «ባይቱ ከዜሮ ካነሰ እንግሊዝኛ አይደለም» ብሎ የሚፈትሽ ኮድ ኢንቴል ላይ ይሠራል፤ አርም ላይ ቅድመ ሁኔታው ፈጽሞ እውነት ስለማይሆን አማርኛው ሁሉ በእንግሊዝኛው በር ይገባል።

ተገላቢጦሹም አለ፤ እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ባይቱን የሠንጠረዥ ተራ ቁጥር አድርጎ የሚጠቀም ኮድ ኢንቴል ላይ በ-31 ከሠንጠረዡ በፊት ያለውን ሜሞሪ ያነባል፤ በአጋጣሚ ካልወደቀ ማንም አያየውም። እዚህ ላይ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው ኤስ390ኤክስ ነው፤ ባጉ ያለው ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ማሽን ላይ ነው። መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ነው፦ ባይቱን ከማነጻጸር ወይም ተራ ቁጥር ከማድረግ በፊት ወደ ምልክት አልባ ቻር መለወጥ።

የዚሁ ዘመድ የሆነው ደግሞ ከፋይል የሚነበበውን ባይት ሰፋ ባለው በኢንት ፋንታ በቻር መቀበል ነው። የፋይል መጨረሻ -1 ነው፤ ምልክት አልባ ቻር -1ን መያዝ ስለማይችል ንባቡን የሚደጋግመው ዙር አያልቅም። የዴቢያን ቢልድ ማሽን ሎግ መጨረሻ ላይ «ለ150 ደቂቃ ምንም ስላልታየ ተቋረጠ» የሚል መልእክት ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ዙር ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ኢሙሌተሩ፣ ወደ ኪውኢሙ፣ እሄዳለሁ። ኪውኢሙን የሌላ ፕሮሰሰር ፕሮግራሞችን ወደ እሱ ከሚመራው ከቢንኤፍኤምቲ ጋር ከጫንኩ በኋላ ለየአርክቴክቸሩ አንድ ሲኤችሩት (የተነጠለ የዴቢያን ማውጫ) አዘጋጅቼ የዴቢያን ፓኬጅ መሥሪያ በሆነው በኤስቢልድ ኮምፓይል አደርጋለሁ። ቅድሚያ የምሰጠው ለኤስ390ኤክስ ነው፤ ከይፋዊዎቹ መካከል የቁጥርን ትልቁን ባይት አስቀድሞ የሚያስቀምጥ የባይት ቅደም ተከተል ያለው እሱ ብቻ ነው። ነገሩ ሰውን ስሙን ከአባቱ ስም አገላብጦ እንደመጥራት ነው፤ ፊደሎቹ ሁሉ አሉ፣ የተጠራው ግን ሌላ ሰው ነው። ፊደሉን በሁለት ባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ-16 የተጻፈ «ሀ» ሲገለበጥ የማይታይ መቆጣጠሪያ ምልክት ይሆናል፤ «ለ» የሳምራውያን ፊደል፣ «መ» የሞንጎሊያ አኃዝ። ሎግ ውስጥ የሳምራውያን ፊደል ካየሁ ምርመራው አልቋል ማለት ነው። ቁጥር ላይ ግን ምልክቱ ያሳስታል፦ ኢንቴል ላይ በአራት ባይት የተጻፈ 1፣ እዚያ ሲነበብ 16,777,216 ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ለዚያን ያህል መዝገብ ቦታ ይጠይቅና «ሜሞሪ አለቀ» ብሎ ሊወድቅ ይችላል። ሜሞሪ የጨመረለት ሰው አይጠቀምም። ፋይሉ ባይት በባይት፣ ቅደም ተከተሉ በግልጽ ተወስኖ መነበብ አለበት።

ፓኬጅ የሚይዝ ሰው እዚህ ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለበት። የመዝገበ ቃላት ማውጫ ፋይል በቢልድ ጊዜ በማሽኑ ቅደም ተከተል የሚፈጠር ከሆነ «ለሁሉም አርክቴክቸር» በሚባለው ፓኬጅ ውስጥ መግባት የለበትም። ያ ፓኬጅ አንዴ፣ በተለምዶ ኢንቴል ላይ፣ ይሠራና ሜይንፍሬሙም ያንኑ ይጭናል። ቢልዱ አረንጓዴ ነው፤ የሚሰበረው ተጠቃሚው ጋ ነው።

ኪውኢሙ በብዙ እጥፍ ስለሚዘገይ የመብራት ጉዳይ ይመጣል። ኤስቢልድ የቢልድ ማውጫውን እንዳያጠፋ አዝዤ ነው የምጀምረው፤ መብራት ሲመለስ የኮምፓይሉን ደረጃዎች የሚያስኬደው ሜክ ከቆመበት ይቀጥላል። ከመቀጠሌ በፊት ግን መጠናቸው ዜሮ ባይት የሆኑ የኦብጀክት (ኮምፓይል ተደርገው ገና ያልተያያዙ) ፋይሎችን ፈልጌ እሰርዛለሁ። መብራት ሲቋረጥ ወደ ዲስክ ያልደረሰ ፋይል ስሙና ሰዓቱ ብቻ ይቀራል፤ ሜክ ደግሞ ሰዓቱን አይቶ «ይሄ አልቋል» ብሎ ያልፈዋል። ለኢንተርኔቱ የወረዱ ፓኬጆችን የሚያስቀምጠው አፕት-ካሸር-ኤንጂ ላፕቶፑ ላይ ስላለ አንዴ የወረደ ፓኬጅ ሁለተኛ አይወርድም፤ በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

32 ቢት ላይ መጀመሪያ የምሞክረው የኢንቴሉ አይ386 ነው፤ ያለ ኢሙሌተር እዚሁ ስለሚሄድ ፈጣን ነው። ቀጥሎ ባለ 32 ቢቱ አርም፣ አርምኤችኤፍ። ዴቢያን በ2024 እ.ኤ.አ. አርምኤችኤፍን ወደ 64 ቢት ሰዓት ሲያዛውር አይ386ን በነበረበት ትቶታል፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም። ሰዓትን እዚያ 32 ቢት በሆነው በ«ሎንግ» መጠን የሚያትም ኮድ አርምኤችኤፍ ላይ ትርጉም የሌለው ቁጥር ያወጣል። ባለ 32 ቢቱ ሰዓት የሚያበቃው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው፤ ታቦታቱ ገና ጥምቀተ ባሕር ሳሉ።

የቀሩት አጭር ናቸው። «አቶሚክ» የሚል ቃል ያለበት የሊንክ ስህተት ከመጣ ሊብአቶሚክ የሚባለውን ላይብረሪ መጨመር ነው። አስርዮሽ ስሌት በመጨረሻዎቹ አኃዞች ከተለያየ ጂሲሲ ማባዛትንና መደመርን አንድ ላይ አጥፎታል፤ ኢንቴል መነሻው ላይ ይህ ትእዛዝ የለም፣ አርም64 ላይ አለ። ማጠፉን መከልከል ይቻላል፤ ለዘመን መቁጠሪያ ግን አስርዮሹን ትቶ በአራት ዓመት 1461 ቀን በሙሉ ቁጥር ማስላት ይሻላል።

ኪውኢሙ የማያሳየውም አለ። በአንዳንድ የፓወር ከርነሎች ላይ ያለው 64 ኪሎባይት የሜሞሪ ገጽ እዚህ አይታይም፤ 4096 ብሎ በቁጥር የተጻፈ ኮድ ያልፋል። በክሮች (ትሬዶች) መካከል ያለ የቅደም ተከተል ስህተትም ኢንቴል በሜሞሪ ቅደም ተከተል ጥብቅ ስለሆነ ይደበቃል። ለእነዚህ ሲፋርም (የቀድሞው የጂሲሲ ኮምፓይል ፋርም) ለነፃ ሶፍትዌር ሠራተኞች በነፃ የሚሰጠውን አካውንት እጠቀማለሁ። ከሩቅ ማሽን ጋር በሚያገናኘው በኤስኤስኤች የሚመላለሰው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ደካማ መስመርም ይበቃዋል፤ ሥራውን እዚያው ክፍት አድርጎ በሚያቆየው በቲመክስ ውስጥ ስለምከፍተው ኔትወርክ ቢቋረጥም ኮምፓይሉ እዚያው ይቀጥላል።

አንድ ቴስት ስለወደቀ አርክቴክቸሩን ከፓኬጁ ዝርዝር ማውጣትን አልደግፍም። በተግባርም አያሳርፍም፦ አሮጌው ባይነሪ ከአርካይቩ እስካልተነሳ ድረስ አዲሱ እትም ለቀጣዩ ዴቢያን ወደሚዘጋጀው ክፍል፣ ወደ ቴስቲንግ፣ አያልፍም። ይልቅ ማስተካከያውን (ፓቹን) ለዋናው አልሚ እልካለሁ፤ ከፓቹ ጋር ሁለት ነገር አያይዛለሁ። አንደኛው ስህተቱን በራሱ ኢንቴል ማሽን እንዲያየው ቻርን ምልክት አልባ የሚያደርገው ትእዛዝ ነው፤ ሜይንፍሬም የሌለው አልሚ «እኔ ጋ ይሠራል» ከማለት ወደ ማረም የሚሸጋገረው በዚህ ነው። ሁለተኛው «ሀ ለ ሐ መ» የሚል አንድ መስመር ያለበት ቴስት ነው፤ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ በሁሉም ማሽን ላይ እንዲሄድ።