ከሴኡል ቶኪዮ፤ ስሄድ እና ስመለስ

ከሴኡል ቶኪዮ ሩቅ አይደለም። ከሴኡሉ ኢንቾን አየር ማረፊያ እስከ ቶኪዮው ናሪታ ወደ 1,260 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የእኛው አየር መንገድም ከአዲስ ተነስቶ ኢንቾን ካረፈ በኋላ ወደ ናሪታ ይቀጥላል፤ ስለዚህ መንገዱን የሚያውቅ ሐበሻ አይጠፋም።

እኔ ሴኡል ነኝ፣ ታናሽ እህቴ ቶኪዮ። ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ብርዱ ሲጠና፣ እሷ ጋ እሄዳለሁ። አውሮፕላን ውስጥ ፊልም አልከፍትም፤ ካርታውን ነው የማየው። ወደ ምሥራቅ ስንበር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ በሰዓት 1,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። አስተናጋጆቹ ምግብ አድለው ሳይጨርሱ ትሪ መሰብሰብ ይጀምራሉ። ሻዬን ሳልጨርስ ቀበቶ እሰሩ ይባላል። ስመለስ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ቁጥሩ 700 አካባቢ ይንፏቀቃል፤ ሻይ ደግሜ እጠጣለሁ። ኮሪያና ጃፓን ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ ልዩነቱ የእጅ ሰዓቴ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ሞተሩ ሲሄድ በርትቶ ሲመለስ ደክሞ አይደለም። አየሩ ራሱ ነው የሚጓዘው። በብርድ ወራት የሳይቤሪያ ቅዝቃዜና የፓስፊክ ሙቀት ሲገናኙ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ኃይለኛ ነፋስ ይነፍሳል። ጄት ስትሪም የሚሉት ነው። ጃፓን ሰማይ ላይ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ሙቀቱ ሲመጣ ወደ ሰሜን ይሸሻል፣ ይዳከማል። የናይሮቢ መንገድ ወደ ምድር ወገብ ስለሚጠጋ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም።

ይህን ነፋስ ቀድሞ የለካው ዋሳቡሮ ኦይሺ የሚባል ጃፓናዊ ነው። ታቴኖ በምትባል ቦታ፣ ከናሪታ ብዙም ሳይርቅ፣ የአየር ምርመራ ጣቢያ ይመራ ነበር። ፊኛ ይለቅና በመነጽር እየተከተለ፣ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሄደ ይመዘግባል። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1926 አሳተመው፤ ያውም ኤስፔራንቶ በሚባል ሰው ሠራሽ ቋንቋ። ኤስፔራንቶ የማንም አገር ቋንቋ አይደለምና ዓለም ሁሉ እንዲያነብለት ብሎ ነው። ከአገሩ ውጭ ግን ልብ ያለው ብዙም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ከፍ ብለው ወደ ቶኪዮ የመጡ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ከዚያው ነፋስ ጋር ተፋጠጡ፤ ቦምቡ ኢላማውን እየሳተ ይወድቅ ነበር። ይህን ሳነብ ለኦይሺ አዘንኩ። ሰው የደከመበትን ሥራ ለሁሉም ብሎ ዘርግቶ የሚያነሳው ሲያጣ ያሳዝናል።

የቸኮለ ሰው ከጊምፖ ወደ ሃኔዳ ቢሄድ ይሻለዋል። በረራው ያው ነው፣ ግን ሁለቱም ለከተማው ቅርብ ናቸው። ናሪታ ከመሃል ቶኪዮ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ በነፋሱ ያተረፍኩትን ግማሽ ሰዓት ባቡሩ ይበላብኛል። እኔ ግን ናሪታን አልተውም። ዘንድሮ በዚያው ታቴኖ እንሂድ ብዬ ለእህቴ ነግሬያታለሁ። «በዚህ ብርድ ሜዳ ልታሳዪኝ ነው?» አለችኝ። ካልመጣች ብቻዬን እሄዳለሁ።