ከፎቶው ጀርባ «1350» ይላል

እንኳን አደረሳችሁ! 2018 ገባልን። ለንደን ላይ ዛሬ ተራ ሐሙስ ነው። ሥራ ውዬ መጥቼ ነው ቡና ያፈላሁት። አደይ የለም፣ በር አንኳክቶ «አበባየሆሽ» የሚል የለም። የቄጤማውን ነገርማ አታንሱብኝ፣ ከፓርክ የታጨደ ሣር ለቅሜ ጎዝጉዣለሁ።

አምና በዛሬዋ ቀን የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ማሺማ ነበር የምላቸው። ስማቸው አይደለም፤ ቤንጋሎች፣ የባንግላዴሽና የምሥራቅ ህንድ ሰዎች፣ የጓደኛን እናት በአክብሮት ሲጠሩ እንዲህ ይላሉ፣ እንደኛ እትዬ በሉት። ሦስተኛውን ስኒ እንቅልፍ ይነሳኛል ብለው እምቢ አሉኝ። በረካን ሳይጠጡ ወረዱ። የካቲት ላይ አረፉ።

ልጃቸው ለመታሰቢያው የመረጠችው ያን ቀን በስልኬ ያነሳኋቸውን ፎቶ ነው። በወጋቸው መሠረት ነጭ አበባ አጠለቁለት፣ ግንባሩ ላይ በሰንደል እንጨት ነጥብ ነጥብ አደረጉበት። ፈንዲሻውን ግን ቆርጠው አውጥተውታል። እኔ እስካሁን የሚታየኝ የተቆረጠው ፈንዲሻ ነው።

ማሺማ የብስኩት ቆርቆሮ ነበራቸው። ውስጡ 41 ፎቶ። ቤተሰባቸው የባሪሳል ሰው ነው፣ ዛሬ ባንግላዴሽ የሚባለው አገር፣ መሬቱ ሁሉ ወንዝ የሆነበት። አገሩ በፈረንጅ 1947 ህንድና ፓኪስታን ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ በ1950 እዚያ ሂንዱው ላይ ሁከት ሲነሳ ደግሞ በእንፋሎት ጀልባ እስከ ኩልና፣ ከዚያ በባቡር ሲያልዳ ጣቢያ፣ ህንድ ካልካታ ገቡ። እናታቸው የያዙት ወርቃቸውንና ይህንን ቆርቆሮ ነው። ወርቁ ተሸጦ ተበላ።

ዓይናቸው ስለደከመ እሁድ እሁድ ፎቶዎቹን በስልኬ እያነሳሁ ቴሌቪዥኑ ላይ አሳያቸው ነበር። አንድ ሰውዬ፣ ጢሙ እስከ ጆሮው፣ «ይቺ ማማ ናት» አሉኝ እንግሊዝኛው ተምታቶባቸው። ደነገጥኩ። ለካ ማማ ማለት የእናት ወንድም ነው! የአባት እህት ፒሺ፣ የእናት እህት ማሺ፣ የአባት ታላቅ ወንድም ጄቱ፣ ታናሹ ካኩ። እኛ አክስትና አጎት ብለን የምንገላገለውን እነሱ ለየብቻ ስም ሰጥተውታል። ታዲያ እንዲህ ዝምድና የሚያጠብቁ ሰዎች ፎቶው ጀርባ ላይ የጻፉት ምን መሰላችሁ? «ኮካ»። ኮካ ማለት ትንሹ ልጅ ማለት ነው። ቤንጋል ሁለት ስም አለው፣ የደህና ቀን ስምና የቤት ስም፤ አልበም ላይ የሚገባው የቤቱ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ አራት ኮካ አገኘን። ሁለቱን ማሺማ ለዩ። የቀሩት ሁለቱ ኮካ እንደሆኑ ቀርተዋል።

አንደኛው ፎቶ ላይ «1350» የሚል ነበር። ቁጥሩን ያነበበልኝ ዋይትቻፕል ዓሣ የሚሸጠው የሲልሄት፣ የባንግላዴሽ ሰው ነው። እኔማ ቤት ቁጥር መስሎኝ ነበር። ለካ እነሱም እንደኛ የራሳቸው ዘመን አላቸው፤ ከፈረንጁ 593 ዓመት ወደኋላ ነው፣ አዲስ ዓመታቸውም ሚያዝያ ላይ ይገባል። እና 1350 ማለት 1943 ነው። ለማሺማ ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ «ሃምሳ» አሉኝ። የሃምሳው ረሃብ። እኛ «ሰባ ሰባት» ስንል ማብራሪያ እንደማያስፈልገን ማለት ነው።

ጦርነት ነበር። እንግሊዞች ጃፓን እንዳይጠቀምባቸው ብለው ጀልባዎቹን ወስደውባቸዋል፣ የሩዝ ዋጋ ሰማይ ወጥቷል፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ፎቶው ላይ ግን የሰባት ዓመቷ ማሺማ ሪባን አድርጋ ካልካታ ስቱዲዮ ቆማለች። አባቷ እዚያ ተቀጥሮ ይሠራ ስለነበር ሊጠይቁት ሄደው ነው የተነሱት። ከስቱዲዮው ሲወጡ ከገጠር የመጣው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ነበር አሉኝ። የሚለምነው ሩዝ አልነበረም፤ ሩዝ እንደማይሰጠው ያውቃል። የሩዙን ውኃ ነው የሚለምነው፣ ተቀቅሎ የሚደፋውን። እናታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ውኃ አልደፉም። ይሄን ፎቶው አይነግራችሁም። እሳቸው ባይነግሩኝ፣ የደላው ቤተሰብ ብዬ አልፌው ነበር።

ስለ እናቴ የሠርግ ፎቶ ማሰብ የጀመርኩት ያን እሁድ ነው። ደሴ፣ ጥር 1977። ቤታችን ተሰቅሎ አያውቅም። ልጅ ሆኜ እማዬ በቀሚሷ አፍራ ይመስለኝ ነበር።

ምስጋና ሳላደርስ ቡናው እንዳይቀዘቅዝ። ለማሺማ ልጅ፣ ቆርቆሮውን አምነሽ እኔጋ ስለተውሽው። ለዓሣ ነጋዴው፣ የ41 ፎቶ ጀርባ ቆመህ ስላነበብክልኝ፣ «የሴትየዋ ቤንጋሊኛ የመጽሐፍ ነው» እያልክ ብትሳለቅም። እሱ እስላም፣ እሳቸው በ1950ው ሁከት የተሰደዱ ሂንዱ፤ ኢሊሽ ዓሣ ሲልክላቸው አንድ ቀን ገንዘብ ተቀብሎ አያውቅም። ደሴ ላለው የአክስቴ ልጅ፣ በክረምት ዝናብ እማዬ ቤት ሄደህ ፎቶዎቿን አንድ በአንድ አንስተህ ስለላክልኝ። ጀርባቸውንም አንሳ ስልህ አለመሳቅህም ይቆጠርልሃል። እናንተም ዛሬ ወደ ቤት ስትደውሉ «ዶሮው ደረሰ?» ከማለት ተርፎ ጊዜ ካላችሁ፣ አንድ ፎቶ አስወጡና ስም አስቆጥሩ።

እኔ ጠዋት ደውዬ ነበር። የሠርጉን ፎቶ ስልኳ ላይ ከፍታ ከቀኝ ወደ ግራ ጠራችልኝ። ሚዜዎቹን፣ የአባቴን እህቶች፣ በማግሥቱ የተጣላቻትን ሴትዮ ሳይቀር። ከሚዜዎቹ እግር ሥር በባዶ እግሩ የተቀመጠ ልጅ አለ፣ ካሜራውን ሳይሆን ሌላ ነገር የሚያይ።

«ይሄስ?»

«ማሙሽ ነው።»

«የማን ልጅ?»

ቆየች። «ያኔ ከገጠር ብቻውን መጥቶ ጎረቤት የተጠጋ ልጅ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ምግብ ሲሸተው ገብቶ... አታስወጡት አልኩ፣ ሙሽራ ነኛ፣ ማን ይናገረኛል። ማሙሽ ነበር የምንለው።»

«ስሙስ እማ?»

«አልጠየቅነውም» አለችና ቡናው ሊገነፍልብኝ ነው ብላ ዘጋችው።