«ወይኩን ፈቃድከ» ላይ ምላሴ ሲታሰር

ዛሬ ማለዳ በቤተ ክርስቲያን የኪዳን ጸሎት ላይ ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት ስደግም፣ «ወይኩን ፈቃድከ» (ፈቃድህ ትሁን) ከሚለው ስደርስ ምላሴ ታሰረ። እናቴ ወዳለችበት ከተማ እንድዛወር ሁለት ዓመት ደጅ የጠናሁበት ማመልከቻ ትናንት ውድቅ ሆኖ ተመልሶልኝ ነበርና፣ አራት ቦታ የታጠፈውን ደብዳቤ በነጠላዬ ሥር ጨብጬ ይዤው ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ የደገምሁት ቃል የራሴን ፈቃድ እንደሚያስጥለኝ ያስተዋልሁት ገና ዛሬ ነው።

ቤቴ ገብቼ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26ን አነበብሁ። ጌታ በጌቴሴማኒ አስቀድሞ የመከራው ጽዋ እንዲያልፍ ለመነ፤ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ ማዘኗን ከደቀ መዛሙርቱ አልሸሸገም፤ «ፈቃድህ ትሁን» ካለ በኋላም ያንኑ ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ጸለየ። እኔ ግን (ይህን ስጽፍ አፍራለሁ) ራስን ለእግዚአብሔር መስጠት ማለት ምንም አለመፈለግ ይመስለኝ ስለነበር፣ የእናቴን ናፍቆት ከጸሎቴ ደብቄ ኖሬአለሁ።

ማታ እንደገና ለጸሎት ቆምሁ፤ መጀመሪያ «እናቴ ዘንድ አድርሰኝ» ብዬ አለቀስሁ፣ ከዚያም የቀረችኝን ቃል ቀስ ብዬ ጨረስኋት። ደብዳቤው አሁን በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ፣ በዚያው ገጽ ላይ ተቀምጧል።