«መስኮት ክፈቱ» ያልኩበት ቀን

ተወልጄ ያደግኩት ሀዋሳ ነው። ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጉራጌ፣ ከሀድያ ልጆች ጋር አንድ ሰፈር ተጫውቻለሁ። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጨምበላላ፣ ጉዱማሌ ወርጄ «አይዴ ጨምበላላ» ብያለሁ። ስለዚህ አስተማሪ ስሆን አድልዎ የሚባለው ነገር እኔን ይመለከተኛል ብዬ አላሰብኩም። ሰውን በብሔሩ የሚለዩ ሌሎች ናቸው እል ነበር።

የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የረሳሁትን የስም መጥሪያ ልወስድ ወደ ክፍል ተመለስኩ። አምስት ስድስት ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ይበላሉ። ሽታው ከበሩ ተቀበለኝ። «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» አልኩ። በክፋት አልነበረም፤ እንዲሁ ከአፌ ወጣ። ሌሎቹ ሳቁ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ የምሳ ዕቃዋን ክዳን ቀስ አድርጋ ስትገጥም አየኋት። ቆጮ በጎመን ነበር። የስም መጥሪያዬን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ልጅ ምሳዋን የምትበላው ግቢው ጥግ ዛፍ ስር ሆነ። ብቻዋን። ይህን ያስተዋልኩት ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ሆዴን በላኝ። አንድ ቃል እንዲህ ካደረገ፣ ሳላውቀው የማደርገው ሌላ ስንት ነገር ይኖራል? ብቻዬን ላየው እንደማልችል ገባኝ። በዕድሜ የሚበልጡኝን የሒሳብ መምህር፣ «ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ክፍለ ጊዜ ኋላ ቁጭ ብለው ማንን እንደምጠይቅ ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው። እሺ አሉኝ። የተማሪዎቹን አቀማመጥ ወረቀት ላይ ሣሉ። አንድ ልጅ በጠየቅኩ ቁጥር ቦታው ላይ ጭረት ያደርጋሉ።

ወረቀቱን ሳየው ደነገጥኩ። ጭረቱ ሁሉ ፊት ያሉት ሁለት ረድፎች ላይ ተከምሯል። እዚያ የሚቀመጡት አማርኛቸው ቀጥ ያለ፣ ከተማ ያደጉ ልጆች ናቸው። እንግሊዝኛውን አብራራለሁ እያልኩ ቶሎ ቶሎ ወደ አማርኛ ስለምገባ፣ ትምህርቱ ለእነሱ ይቀላቸዋል። ጋሼ ግን ከቁጥሩ ሌላ ነገርም አይተዋል። «ልጄ፣ ፊት ያሉትን ‹ለምን?› ትያቸዋለሽ። ኋላ ያሉትን ‹ገባችሁ?› ትያቸዋለሽ» አሉኝ። ይህ ከጭረቱ ሁሉ በላይ አመመኝ። «ገባችሁ?» የተባለ ልጅ «አዎ» ብሎ ዝም ነው የሚለው። ማሰብን የሚጠይቀውን ጥያቄ ለአንዱ ወገን ብቻ ስሰጥ ኖሬያለሁ።

መምህር ከተማሪው የሚጠብቀው ነገር ቀላል እንዳልሆነ የሚያሳይ የታወቀ ጥናት አለ። ሮዘንታልና ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ነው። አሜሪካ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በዕጣ የተመረጡ ልጆችን «እነዚህ ዘንድሮ ይመነደጋሉ» ብለው ለመምህራኑ ነገሯቸው። ዓመቱ ሲያልቅ በተለይ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍሎቹ ከእኩዮቻቸው የበለጠ መሻሻል አሳዩ። የውጤቱ መጠን እስካሁን ያከራክራል። እኔ ግን የጋሼን ወረቀት አይቻለሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው። የሁሉንም ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፌ የወተት ጣሳ ውስጥ ከተትኩ። ጥያቄ ሲኖረኝ ከጣሳው አወጣለሁ። ፈተና ሳርምም ስም ያለበትን ጥግ እያጠፍኩ በተራ ቁጥር ብቻ ማረም ጀመርኩ። እኛ አገር ስም ብዙ ይናገራል፤ ብሔርም ሃይማኖትም።

ጣሳው ብቻውን ግን አልሠራም። ስሙ የወጣለት የኋላ ልጅ ተነሥቶ ይቆማል፣ ዝም ይላል፣ እኔ ቸኩዬ ወደ ሌላ አልፋለሁ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይታ ነበር። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝምተኞቹም መናገር ይጀምራሉ። በሲዳምኛ አስቦ፣ ወደ አማርኛ መልሶ፣ ወደ እንግሊዝኛ ለሚያሻግር ልጅ አንድ ሰከንድ ምን ትበቃዋለች? አሁን በልቤ እየቆጠርኩ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ይጨንቅ ነበር።

ስለ መብላላት የማስተምርበት ቀን ደረሰ። በየዓመቱ ምሳሌዬ የጤፍ ሊጥና ጠላ ነበር። በእንሰት አገር ቁጭ ብዬ! ዘንድሮ «ቆጮ ሲዘጋጅ ያየ አለ?» አልኩ። አንድም እጅ አልተነሣም። ቆጠርኩ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከኋላ አንድ ወላይታ ልጅ ተነሣ። «ቲቸር፣ አንተ አታውቅም?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ሴት ነኛ። ድሮ ቢሆን እኔም ፈገግ ብዬ «አታውቂም በል» እለው ነበር። ግን ቀደም ብዬ አንዲት ወላይታ ባልደረባዬን ጠይቄ ነበር። በወላይትኛ ወንድንም ሴትንም «ኔኒ» ነው የሚሏቸው፤ «አንተ»ና «አንቺ» ብሎ መለየት የለም። ይህንን ለክፍሉ ነገርኩ። ሳቁ ቆመ። «አላውቅም፣ አስረዳኝ» አልኩት።

አስረዳን። እናቱ እንሰቱን እንዴት እንደምትፍቅ፣ ጉድጓዱ በእንሰት ቅጠል እንደሚለበስ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ እንደሚጫን። ያቺ ልጅ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ፣ «በየጊዜው እየተከፈተ ይታያል፤ ቅጠሉም ይቀየራል። እኛ ጋ ደጋ ስለሆነ ይቆያል» አለች። ከሲዳማ ደጋ፣ ከሁላ ነው የመጣችው። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ቅጠሉና ድንጋዩ አየር ያስወጣሉ፤ ባክቴሪያዎቹ ስታርቹን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ ብርዱ ሥራቸውን ያዘገያል። ሽታውም ከዚያው ሥራ የሚመጣ ነው አልኳቸው። ይህን ስል አይኗን ማየት አልቻልኩም።

ከክፍል ስንወጣ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኳት። የትኛውን ቀን እንደሆነ ሳልነግራት ገባት። «ምንም አይደል ቲቸር» አለችኝ፤ ፈገግም አለች።

ይኸው ሦስት ወር ሆነው። እጇን ታነሣለች፣ ትጠይቃለች። ምሳዋን የምትበላው ግን አሁንም ዛፉ ስር ነው።