ተሳቢ ቤት ይዞ እስከ ሰሜን ጫፍ

ዛሬ ከሰዓት ጣና ዳር አሳ ጥብስ እየበላን፣ ካናዳ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ አሳየን። በመጪው ሰኔ መኪናው የምትጎትታት ተሳቢ ቤት ይዞ ወደ ሰሜን ጫፍ ሊነዳ ነው። አልጋውም ምድጃውም እሷ ውስጥ ነው።

መነሻው ዳውሰን ክሪክ የምትባል የካናዳ ከተማ። ከዚያ የአላስካ አውራ ጎዳና፤ አሜሪካኖች በ1942 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወራት ውስጥ የከፈቱት መንገድ። እሱስ ግድ የለም። ያሳሰበኝ ዳውሰን ሲቲ ከምትባል ሌላ ከተማ አቅራቢያ ተነስቶ ሰሜን ጫፍ ወዳለችው ኢኑቪክ ከተማ የሚሄደው ዴምፕስተር የሚባለው መንገድ ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ጠጠር! ነዳጅ የሚገኘው 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተነዳ በኋላ ነው። እንደ ባሕር ዳር በየጥጉ ጎሚስታ የለም። አንድ እስኮርታ አይበቃህም፣ ሁለት ያዝ አልኩት። ጠጠሩ እንዲያ በወፍራሙ የተደለደለው ከሥሩ ያለው የበረዶ አፈር እንዳይቀልጥ ነው፤ ከቀለጠ መንገዱ ይሰምጣል። ሁለት ወንዞች ላይ ደግሞ ድልድይ የለም። በሙቀቱ ወራት መኪናው ጀልባ ላይ ይወጣል፣ በብርዱ በረዶው ላይ ይነዳል።

አክስቴ ይሄን ሁሉ ዝም ብላ ሰማች። በሰኔ እዚያ ፀሐይ አትጠልቅም ሲላት ግን፣ «ታዲያ ልጄ፣ መቼ ልትተኛ ነው?» አለችው። ጥቁር መጋረጃ አለ አላት። አላመነችውም።

እኔ ተሳቢዋን ዳውሰን ሲቲ አቁመህ በድንኳን ቀጥል ባይ ነኝ። እሱ አሻፈረኝ ብሏል። ሹፌሮች፣ እስኪ ፍረዱን።