ማር ቆራጩ ልጅ ሚኒሶታ ላይ ሲዋረድ

አባየ ማር ሲቆርጥ ጭስ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ገና ከብት ጠባቂ ሳለሁ ጀምሮ። ስለዚህ «አሜሪካ ሄጄ አንድ ቀፎ ሙሉ ንብ ፈጀሁ» ብሎ ለእሱ መናገር ቀላል ነገር አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ በስልክ ስናወራ ደብቄዋለሁ።

ባለፈው ኅዳር ግን አገር ቤት ገባሁ። አገሬ ስናን ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሲወጣ፣ ረቡዕ ገበያን አለፍ ብሎ። አደይ አበባ ረግፎ ማሩ የደረሰበት ሰሞን ነው። አባየን ጓሮ አገኘሁት፣ የአንዱ የቀርከሃ ቀፎ ልስን ተሰነጣጥቆ በእበት እየደፈነ። ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ የጠየቀኝ ምን መሰላችሁ? «ለመሆኑ እዛ በረዶ አገር ንብ አለ?»

አለ አልኩት።

«ታዲያ ክረምቱን እንዴት ይወጣዋል?»

አባየ ክረምት ሲል ሐምሌና ነሐሴን ነው፤ ዝናቡን፣ ጭጋጉን፣ ንቡ ከቀፎ የማይወጣበትን ጊዜ። እኔ ክረምት ስል ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለውን ነጭ ነገር ነው። አንድ ቃል ይዘን ሁለት ነገር ስናወራ ቆየን። በረዶ የሚለው ቃል ራሱ እኮ አልበቃንም፤ እሱ የሚያውቀው ገብስ የሚመታውን ነው፣ መጥቶ የሚሄደውን። ወርዶ አምስት ወር የሚተኛውን ምን ልበለው?

ስለ ንቡ ለመናገር ፈራሁ። ስለዚህ ስለ ትሉ ጀመርኩለት።

ሚኒሶታ እንደገባሁ የያዝኩት ሥራ ዛፍ መቁረጥ ነበር። አሽ የሚሉት ዛፍ አለ። የወይራ ዘመድ ነው፣ መንገድ ዳር በብዛት ተተክሏል። ከሩቅ ምሥራቅ እስያ የመጣ አንድ አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ ጥንዚዛ ይሄን ዛፍ እየጨረሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ዲትሮይት አካባቢ ተገኘ፣ በ2009 እኛ ጋ ደረሰ። ትልቁ ጥንዚዛ ቅጠል ቢበላ ነው። ገዳዩ ልጁ ነው። ትሉ ከልጡ ሥር እየተጠማዘዘ ሲቦረቡር የዛፉን የምግብ መተላለፊያ ይቆርጠዋል። እኛ የሞተውን እየተከተልን እንጥላለን።

አንድ የጃንዋሪ ጠዋት ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ነበር። ትንፋሼ ጢሜ ላይ በረዶ ሠርቷል። ግንዱን ስልጠው አንድ ነጭ ትል ለሁለት ተጣጥፎ ተኝቷል፣ የትንሽ ጣቴን አንድ አንጓ ቢያክል ነው። ይሄማ አልቆለታል አልኩ። አለቃችን ሳቀብኝና መኪናው ውስጥ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጠው አለኝ። ማሞቂያው ይነፋል፣ እኛ ቡናችንን እንጠጣለን። ቡናው ሳያልቅ ትሉ ራሱን ነቅነቅ አደረገ። ክው ነው ያልኩት! እኔ ሦስት ካልሲ ደርቤ እግሬ አይሰማኝም፣ እሱ ራቁቱን ነው።

«ኧረ ተው!» አለ አባየ። ፈረንጅ አገር ሄዶ መዋሸት ለመደ ብሎ እንዳሰበ ፊቱ ላይ ይነበባል።

አይሱዙ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ አጠገባችን ነበርና አንቲፍሪዝ ስል ቶሎ ገባው። ነገሩ ያው ነው። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ውሃው እንዳይረጋ እንደሚያደርግ ሁሉ ትሉም የራሱን ያዘጋጃል። ግሊሰሪን ነው፤ ያው ፋርማሲ ለእጅ ድርቀት የሚሸጡት፣ እማየም ብልቃጧን መስኮት ላይ ታስቀምጠዋለች። ዝግጅቱ ደግሞ ብርዱ ሳይመጣ ነው የሚጀመረው። ብዙዎቹ ነፍሳት ቀኑ እያጠረ መሄዱን ይቆጥራሉ። ከዚያ መብላት ያቆማሉ፣ ሆዳቸውን ባዶ ያደርጋሉ፤ ምክንያቱም ሆድ ውስጥ የቀረች የምግብ ቅንጣት የበረዶ ዘር ትሆናለች፣ በረዶው እሷን ይዞ ነው የሚስፋፋው። ዘር ካላገኘ ሰውነታቸው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከዜሮ በታች ብዙ ወርዶም ሳይረጋ ይቆያል።

«ይጾማላ!» አለ አባየ። እዚህ ጋ አመነኝ መሰለኝ።

ልክ አለው በርግጥ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 34 አካባቢ ሲደርስ አብዛኞቹ የአሽ ትሎች ያልቃሉ ተብሎ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጃንዋሪ ያ ጉድ ብርድ ሲመጣ እኛ ሠራተኞቹ በአንድ ልብ ተመኝተን ነበር። ግን ወፍራም ልጥ ሥር ያለው ይተርፋል። ፀደይ ላይ ተመልሰን መቁረጥ።

ሌላው ደግሞ ይብሳል። ጥቁርና ቡናማ ፀጉራም አባጨጓሬ አለ፣ እሱ አይከላከልም፣ ይረጋል። ብታነሳው እንደ ጠጠር ነው። ሚስጥሩ በረዶው በሕዋሶቹ መካከል እንጂ ውስጣቸው እንዳይገባ ማድረጉ ላይ ነው። ሲሞቅ ተነስቶ ይሄዳል። ሰሜን ዋልታ አካባቢ ያለው ዘመዱ በጋው በጣም አጭር ስለሆነ እየረጋ እየቀለጠ የእሳት ራት እስኪሆን ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የአክስቴ ልጅ «የአንተ ግሪን ካርድ ነዋ!» አለኝ። ተሳሳቅን።

አባየ ግን ዞር ብሎ ወደ ጮቄ አየ። «እኛም ጋ እኮ አመዳይ አለ» አለ። እውነቱን ነው። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ጫፉ ላይ ጅባራው ሥር ያለው ሣር ሌሊት ነጭ ሆኖ ያድርና ረፋድ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። እዛ ያለ ነፍሳት ብርዱን የሚጠብቀው በዓመት አንዴ አይደለም፣ በየማታው ነው። የቱ ይከብዳል? እኔ አሁንም አልወሰንኩም።

ማታ ላይ ማር ቆረጣ ገባን። ጭሱን እኔ ያዝኩ። ጨለማ ስለነበር ነው መሰለኝ ድፍረት ያገኘሁት፣ ሁሉንም ዘከዘክሁለት።

ሁለተኛ ዓመቴ ላይ አንድ ቀፎ ገዝቼ ነበር፤ በናፍቆት ነው ሌላ ምክንያት የለውም። የፈረንጅ ንብ ብርድ ሲመጣ አይሰደድም፣ አይተኛምም። አንድ ላይ ተጠጋግቶ እንደ ኳስ ይሆናል፣ አውራዋን መሀል ያደርጋል። ክንፋቸውን ሳያራግቡ የክንፋቸውን ጡንቻ ያንቀጠቅጣሉ፣ ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጫጩት (እጭ) ካለ መሀሉ ወደ 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ ጠርዙ 10 አካባቢ ነው። ጠርዝ ላይ ያለው ሲበርደው ወደ ውስጥ፣ ውስጥ ያለው ወደ ውጭ። ድንጉላዎቹን፣ ወንዶቹን ንቦች፣ ገና በመኸር አባረዋቸዋል፣ የሚቀለብ ቦዘኔ የለም። የዚህ ሁሉ ማገዶ ማሩ ነው። እዛ አንድ ቀፎ ለክረምቱ ከ35 እስከ 45 ኪሎ ማር ይተዉለታል።

እኔ ምን አደረግኩ? የጎጃም ልጅ ነኝ፣ ማር በጥቅምትና በኅዳር ነው የሚቆረጠው ብዬ ልክ አበባው ሁሉ ካለቀ በኋላ ገብቼ ጠራርጌ ወሰድኩ። ለጓደኞቼም በኩራት አከፋፈልኩ። ፌብሯሪ ላይ ቀፎው ጸጥ አለ። ስከፍተው ንቦቹ ጭንቅላታቸውን ባዶው የማር እንጀራ ቀዳዳ ውስጥ እስከ ትከሻቸው ቀርቅረው ደርቀዋል፤ ከውጭ የሚታየው ኋላቸው ብቻ ነው። የመጨረሻዋን ጠብታ ሲልሱ። ብርድ አይደለም የገደላቸው፣ እኔ ነኝ።

አባየ እጁ ቀፎው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር።

«እኔም እኮ ሁሉን እቆርጣለሁ» አለ። «የእኔዎቹ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ያንተዎቹ ወዴት ይሂዱ?»

ከዚያ ከኋላ ያሉትን ሁለት እንጀራዎች ሳይነካ ክዳኑን መለሰ። ለሐምሌ ነው አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ። ሦስቱም ቀፎ ላይ እንደዚያው አደረገ። እኔን አራት ቦታ ነድፈውኛል፣ አንዱ ቅንድቤ ላይ።

ጠዋት እማየ ማሩን በሰፌድ ሙሉ ጠብቃ ሳታገኝ ስትቀር «ምነው ዘንድሮ አነሰ? ለጠጅ እንኳ ይበቃል?» አለች። አባየ ጋቢውን አስተካከለ። እኔም ያበጠ ዓይኔን መዳሰስ ጀመርኩ።