ድኛለሁ፣ ግን አልተሻለኝም

ትናንት ከፒያሳ ወደ ቤት ስመለስ ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ስልክ የምነካካ እየመሰልኩ። ጎንደር ይህን ያህል ዳገት መሆኗን ልጅ ሆኜ አላውቅም ነበር፣ አሁን ነው ጉልበቴ ያሳወቀኝ። አንዲት የሰፈራችን ሴት ስታልፈኝ «እንዴት አምሮብሻል! አሜሪካ ተስማምቶሽ ነው የመጣሽው» አለችኝ። ሳቅኩላት። ምን ልበላት?

ለእያንዳንዱ ሰው ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ያመመኝ ላይም የሚባል በሽታ ነው። ስሙ የመጣው አሜሪካ፣ ኮነቲከት ውስጥ ካለች ላይም ከምትባል ከተማ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. በዚያ አካባቢ ብዙ ልጆች ጉልበታቸው እያበጠ ሲሰቃዩ ሁለት እናቶች «ይሄ ነገር ጤና አይደለም» ብለው የጤና ባለሥልጣናቱን አላስተኛ አሉ፤ ጥናቱም ከዚያ ተጀመረ። (እነዚያን ሴቶች ሳላውቃቸው እወዳቸዋለሁ።) በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዊሊ ቡርግዶርፈር የሚባል ተመራማሪ በ1981 እ.ኤ.አ. አገኘው። የት? መዥገር ሆድ ውስጥ።

እማዬ መዥገር የሚለውን ስትሰማ «ከብቱ ላይ ያለው? እሱማ ስንቴ ነክሶናል!» አለች። የዚያ አገሯ ግን ሌላ ናት። እግሯ ጥቁር ነው። ገና ሳታድግ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ ስትነክስም አታምም፤ በሽታውን ለማስተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት፣ ግን ያላየሃትን ነገር እንዴት ትነቅላታለህ? እኔ ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት አሮጊት እያስታመምኩ ነበር የምሠራው። በዕረፍቴ ሰዓት ጓሮ ሣሩ ላይ ጋደም እል ነበር። መቼ እንደነከሰችኝ አላውቅም። ከጭኔ ጀርባ ክብ ነገር ወጣብኝ። ነጮቹ ላይ ቀይ ቀለበት ሆኖ ጎልቶ ይታያል፣ እኔ ቆዳ ላይ ግን የበለዘ ቦታ ነው የመሰለው። የሄድኩበት ክሊኒክም «የሆነ ነገር መቶሽ ነው» ብሎ ሸኘኝ።

ከወራት በኋላ የግራ ጉልበቴ እንደ ቅል አበጠ። ያኔ ደሜ ታየ፣ ዶክሲሳይክሊን ለ28 ቀን ዋጥኩ፣ እብጠቱ ጠፋ። «ድነሻል» ተባልኩ።

እሺ፣ ድኛለሁ። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ እህል ስፈጭ ያደርኩ ነው የሚመስለኝ። ሕመሙ ቤት የለውም፣ ዛሬ ትከሻዬ ላይ ነው፣ ነገ ቁርጭምጭሚቴ ላይ። ሽሮ ጥጄ እረሳለሁ። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ስም ድንገት ጠፋብኝና ቀኑን ሙሉ «አንተ ልጅ» እያልኩ ዋልኩ፤ ልጁ ምን አጠፋሁ ብሎ አለቀሰ። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ለቅሶው ደግሞ ምክንያት አይፈልግም። ሊጥ ስለተደፋ ተንሰቅስቄ አልቅሻለሁ፣ በረባ ባልረባውም ሰው ላይ ጮኼያለሁ።

ላይም ከታከሙ 100 ሰዎች ውስጥ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት እንደኔ ይቀራሉ። መድኃኒቱን ጨርሰውም ድካሙ፣ ሕመሙና የሐሳብ ጭጋጉ ከስድስት ወር በላይ አይለቃቸውም። ለምን እንደሆነ ሐኪሞቹም ገና አልተስማሙም።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ የሠራሁትን ሞኝነት ልንገራችሁ። በሽታው አልወጣልኝም ብዬ አንድ ፋርማሲ ገባሁና ዶክሲሳይክሊን ገዛሁ። ማዘዣ የጠየቀኝ የለም። ማታ በትንሽ ውኃ ውጬ ወዲያው እተኛለሁ። በሳምንቱ ምራቅ መዋጥ አቃተኝ፣ ለካ ክኒኑ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ውጠው ቶሎ ጋደም አይሉም። ልብስ ሳጥብ ፀሐይ ላይ ዋልኩና ፊቴ ተላጠ፤ ይሄም ከሱ ነው። ድካሙ ግን ፍንክች አላለም።

ያኔ ነው ወደ ሐኪም የሄድኩት። ወጣት ነው፣ ግን አልቸኮለም። መጀመሪያ ደም ማነስ፣ እንቅርት፣ ስኳር አለመሆኑን አጣራ፤ ሁሉንም ላይም ላይ ልደፈድፈው ስል ነበር እኮ። የላይሙን የደም ምርመራ ድገምልኝ ብለው እምቢ አለ። ሰውየው ከዳነም በኋላ ለዓመታት «አለ» ሊል ይችላልና አይጠቅምሽም አለኝ። ስለ መድኃኒቱም፣ እንደኔ የቀሩ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ገሚሱን ለሦስት ወር አንቲባዮቲክ፣ ገሚሱን ባዶ መድኃኒት የሰጡበት ጥናት በ2001 እ.ኤ.አ. መውጣቱንና በሁለቱ መካከል ልዩነት አለመገኘቱን ነገረኝ። ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር የሚዋጥ ነገር ነበር የፈለግኩት።

እማዬ አብራኝ ነበረች። እስከዚያን ቀን ድረስ ሆዷ አላመነኝም። ሐኪሙ «የላይም ተሐዋሲ እኮ ቅማል የሚያስተላልፈው የትኩሳት ግርሻ ዘመድ ነው» ሲል ግን ቀና አለች። ግርሻን ታውቀዋለቻ! በልጅነቷ በክረምት ስንቱን ሲጥል አይታለች። «ታዲያ አገርሽቶባት ነው?» አለችው። «አይደለም እማማ፣ ግርሻ ላይ ተሐዋሲው ራሱ ነው ተመልሶ የሚነሣው። የሷ እንደዚያ አይደለም።» እማዬ ትንሽ አሰበችና «እሳቱ ጠፍቶ ጭሱ ነዋ የቀረው» አለች። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሲጠይቃት የምትመልሰው ይሄንኑ ነው፣ እኔ ከማስረዳው በላይ ይገባቸዋል።

ሐኪሙ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄደሽ ሰው አናግሪ ሲለኝ «እብድ አደረገኝ» ብዬ ሁለት ወር አኮረፍኩ። በኋላ ሄድኩ። ሕመሙን አላጠፋልኝም። ግን ያቺ ባለሙያ «በፊት የነበረችውን አንቺን እየቀበርሽ ነው፣ ለቅሶ ግን አልተቀመጥሽላትም» ስትለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ማፈሬን ትቼ አለቀስኩ።

አሁን እንዴት ነው የምኖረው? ጉልበቴን እንደ ወር ደመወዝ ነው የምይዘው። የድሮው አመሌ ደህና የሆንኩ ቀን ቤት መጥረግ፣ ልብስ ማጠብ፣ ቅዳሜ ገበያ መውረድ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ማድረግ ነበር፤ ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ ላይ። አሁን ደህና ቀን ላይ ነው ይበልጥ የምጠነቀቀው። ልብስ ካጠብኩ እንጀራ አልጋግርም። ጠዋት ጠዋት በግንቡ አጥር ዙሪያ እሄዳለሁ፣ በአሥር ደቂቃ ጀምሬ ሃያ አምስት ደርሻለሁ። ያመመኝን ቀን፣ በዋዜማው ምን እንደሠራሁ ጭምር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ቡና ላይ አቦልን ጠጥቼ ቶና ሲመጣ ሲኒዬን እገለብጣለሁ፣ እንቅልፌ ሲዛባ ሌላው ሁሉ ይዛባላ። ክረምቱ ከባድ ነው፣ ጉልበቴን በጋቢ ጠቅልዬ ነው የምቀመጠው። ጠበልም ሄጃለሁ፣ ለነፍሴ ደስ ብሎኛል። ፌጦውን ግን ይቅርብኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ማኅበራዊ ኑሮው ነው። ለቅሶ ቤት ግማሽ ቀን አለመቀመጥ እዚህ አገር እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። አንዲት እታለም የምላት ጎረቤታችን ባሏ የሞተ ጊዜ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ብነሣ ተቀየመችኝ። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ይቅር ማለቷን እንጃ፣ ግን በማግሥቱ እንቁላል ላከችልኝ።

አምና ለከተራ ታቦታቱን አጅቤ እስከ ባሕረ ጥምቀቱ ወርጄ፣ ቆሜ፣ ዘፍኜ፣ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። ዘንድሮ ቀርቼ ከቤት ላዳምጥ ስል እማዬ «ተነሽ» አለችኝ። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ በብብቷ ደግሞ የሆነ ነገር ይዛለች። መንገድ ላይ አንድ ዛፍ ሥር ስንደርስ ቆመች። የጓዳዋን በርጩማ ነበር የያዘችው። አስቀመጠችው፣ ምንም አላለችኝም። ታቦታቱ እስኪያልፉ ተራ በተራ ተቀመጥንበት፣ እሷም ለካ ደክሟት ነበር።